አንዱ ብስል፣ አንዱ ጥሬ፦ የልጅ ድምፅ ከእረኝነት ሜዳ እስከ ስልክ መስታወት

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ፣ በቀየትም ዙሪያ ባለው ገጠር፣ ለልጅ አስቀድሞ የሚሰጠው ኃላፊነት እረኝነት ነው። ልጁ ጧት በጉን ነድቶ ይወጣል፤ ብርዱን በባና ተከልሎ፣ ቆሎውን ቋጥሮ፣ ቀኑን ሙሉ ከአዋቂ ጆሮ ርቆ ይውላል። በዚያ ሜዳ ላይ ልጁ ራሱ ገጣሚ፣ ራሱ ዜመኛ፣ ራሱም ዳኛ ነው። ከጓደኞቹ ጋር እንካ ሰላንትያ ይገጥማል፤ ለተወረወረበት ቃል መልስ ያጣ ይረታል፤ ግጥሙ ቤት ያልመታለት ይሳቅበታል። ሀብታሙ ቢሰስት፣ ሹሙ ቢያዳላ፣ ሙሽራዪቱ ያለ ዕድሜዋ ብትዳር፣ እረኛው ያየውን በዜማ አድርጎ ለተራራው ይናገራል። ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ግን ይኸው ልጅ ሌላ ሰው ይሆናል። ለአባቱና ለእንግዳው ውሃ ያስታጥባል፤ ታላላቆች በልተው እስኪነሡ ቆሞ ያሳልፋል፤ ካልጠየቁት አይናገርም፤ ቢጠይቁትም አንገቱን ደፍቶ ባጭሩ ይመልሳል።

ለዚህ ሁለት ፊት ላለው አኗኗር ልማዱ ሁለት ፊት ያለው ብሂል አዘጋጅቶለታል። በአንድ ወገን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ ትርጉሙም የልጅ ሥራም ሆነ የልጅ ቃል ለቁም ነገር አይውልም ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፤ አንዱ ብስል፣ አንዱ ጥሬ» ይባላል። ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ አስተዋይ ነው። የልጅ ቃል ሁሉ እውነት ነው አይልም፤ ሁሉም ከንቱ ነው ብሎም አይጥልም። ብስሉን ከጥሬው የመለየቱን ሥራ ለሚሰማው ሰው ይሰጣል፤ ለመለየት ደግሞ አስቀድሞ መስማት ግድ ነው።

«እረኛ ምን አለ?» የሚለው የቆየ ጥያቄም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። የአገር ነገር ሲከብድ፣ ዘመን ሲለዋወጥ፣ ባለሥልጣን የሕዝቡን ልብ ትርታ ለማወቅ የእረኛውን ዘፈን ያስጠይቅ እንደ ነበር በቃል የመጣው ትውፊት ይናገራል። ይህን ትውፊት ብዙዎች በኩራት ሲጠቅሱት ይሰማል። ኩራቱ ተገቢ ቢሆንም በውስጡ ያለው ጉድለት ሊታለፍ አይገባውም። የእረኛው ቃል ይጠየቅ የነበረው እረኛው ስለ ራሱ ኑሮ የሚለው ነገር ይኖረዋል ተብሎ አይደለም። ልጁ ንጹሕ ስለ ሆነ ሳያውቀው ትንቢት ያልፍበታል ተብሎ ነው። ጆሮ የተሰጠው ለምልክቱ እንጂ ለልጁ አልነበረም። ቃሉ ቤተ መንግሥት ሲደርስ ባለ ቃሉ እዚያው በጎቹ መካከል ይቀራል፤ ስሙንም የሚጠይቅ የለም።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የመንዝን ሕይወት ከቅርብ ሆኖ አጥንቷል። የልጅ አስተዳደግ ከሁሉ በላይ በመታዘዝ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ከጻፉት መካከል እርሱ ዋነኛው ነው። ስለ መላው አማራ በጅምላ የደረሰበት ድምዳሜ ከብዙ አቅጣጫ ተተችቷል፤ መተቸቱም ተገቢ ነበር። ቤት ውስጥ ያየው ዝምታ ግን እውነት ነው። ሜዳ ላይ ያለውን የእረኞች ጉባኤ ያህል አብዝቶ ቢያደምጥ ኖሮ ያው ዝምተኛ ልጅ ምን ያህል ተናጋሪ እንደ ሆነ ይበልጥ በገለጠ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ሲመጣ የወረሰው የሜዳውን ልማድ ሳይሆን የቤቱን ነው። የሰሜን ሸዋው ተወላጅ ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ለተማሪው ትውልድ ያበረከቱት ምሳሌያዊ ግጥም በቋንቋው ጥራት እስከ ዛሬ አቻ የሚገኝለት አይመስልም፤ ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገረው ሁልጊዜ አዋቂው ነው፤ የልጁ ድርሻ በቃል ማጥናትና በክፍል ፊት መወጣት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ ወደ መስታወቱ ሳጥን ገባ። የልጆች ጊዜ ከተባለው ዝግጅት ጋር ስማቸው ለዘለዓለም የተቆራኘው ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሕዝብ እንደሚጠራቸው አባባ ተስፋዬ፣ ከቴአትር መድረክ የመጡ ሙሉ ከያኒ ነበሩ። ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ተላብሰው እስከ መጫወት የደረሱ ሰው በመሆናቸው ድምፅን መለዋወጥ፣ ፊትን ማጫወት፣ እንስሳውን በአንድ ጩኸት በዓይነ ኅሊና ማምጣት ያውቁበታል። ከአርባ ዓመታት በላይ በሚቆጠር አገልግሎታቸው የአገሪቱ ልጆች ሁሉ አያት ሆኑ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ሕዝብ ከሽማግሌ እስከ ወጣት ሁሉም በአንድ ወቅት ከእግራቸው ሥር የተቀመጠ ነበረ።

ስለዚህ የእርሳቸውን ሥራ መመርመር ክብራቸውን መንካት ሆኖ ሊቆጠር አይገባውም። የአባባ ተስፋዬ ታላቅ ውለታ ተረትን ከምድጃ ዳር አንሥተው ምድጃ ለሌለው የከተማ ልጅ ማድረሳቸው ነው። ነገር ግን ከምድጃው ዳር ተረት ጋር አብሮ የሚኖር አንድ ነገር በመንገድ ላይ ቀርቷል፤ ይኸውም ምላሹ ነው። እንቆቅልሽ ሲጫወቱ «ምን አውቅልህ?» የሚል ከሌለ ጨዋታው አይጀመርም፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠው በተራው ይጠይቃል። በዚህ ጨዋታ ትልቁና ትንሹ በተራ ይቀያየራሉ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ከአያቱ ጎንደርን ወስዶ የሚሥቅበት ሌላ ስፍራ የለም። ቴሌቪዥኑ ግን የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል ዕቃ አልነበረም። ልጆቹ በስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጠው ሲታዩ እንኳ አድማጭ ሆነው ነው፤ ሲዘምሩም የተሰጣቸውን ነው፤ ተረቱ የሚያበቃውም በምክር ነው። አባባ ተስፋዬ ልጆቹን በአበባ፣ የነገ ዘመናቸውን በፍሬ እየመሰሉ ሲጠሯቸው አገር ሁሉ ወድዶላቸዋል፤ አጠራሩ ፍቅር የሞላበት ስለ ሆነ መወደዱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ምሳሌው ከአሮጌው ብሂል ወደ ኋላ የሄደበት ነጥብ አለ። ብሂሉ ልጅ ዛሬም ፍሬ አለው፣ ከፍሬውም አንዱ የበሰለ ነው ይላል። ምሳሌው ግን ዛሬን ለማማር ብቻ ትቶ ፍሬውን ወደ ነገ ያስተላልፈዋል። አበባ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ውሃ ይጠጣል፤ ማንም ግን ሐሳቡን አይጠይቀውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መሣሪያ ደግሞ ይህን የአንድ ወገን ንግግር እስከ ጥጉ አደረሰው። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ተተከለ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። ርቆ ለሚገኝ የደጋ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ሙከራ ለሌለው፣ የሠለጠነ የፊዚክስ መምህር ለሌለው፣ ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም፤ አሲድና ቤዝ ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን በዓይኑ ያየ የመጀመሪያው የገጠር ትውልድ በፕላዝማ ያየ ነው። እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ሲታይ ግን፣ ፕላዝማ ጽሑፍ፣ ተዋናይ፣ መድረክና ተመልካች ያለው ነገር ስለ ሆነ እንዲህ መታየቱም ያስፈልገዋል፣ ከዚህ ይበልጥ ተመልካቹን የናቀ ትርኢት ማግኘት ይቸግራል። በመስታወቱ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ ከዚያም ክፍሉ መልሶም ይሁን ዝም ብሎ፣ በትክክል ይሁን በስሕተት፣ አመስግኖ ያልፋል። ተማሪዎች ይህን ሲኮርጁት ክፍሉ በሣቅ ይፈነዳ እንደ ነበር በየትምህርት ቤቱ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሣቁ የዋዛ አይደለም። እጁን ያነሣ ልጅ ያላዩት መሆኑን የገለጠበት ብቸኛ መንገድ እርሱ ነበር። የክፍሉ መምህርም ዕጣው ከተማሪው የተሻለ አልነበረም፤ መግቢያና መደምደሚያ ብቻ ተተወለት፤ በመካከሉ ግን ከልጆቹ ጋር አብሮ ተመልካች ሆነ።

ልጁ መሣሪያውን በእጁ ሲይዝ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ የመለሰው ገጠመኝ የተፈጸመው ከሰሜን ሸዋ ደጋ ባሻገር በወንጪና በወለንጪቲ ነው። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች መንደሮች ለሚኖሩ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት፣ ታብሌት በካርቶን እንደ ታሸገ አቀረበ። መመሪያ የሚሰጥ መምህር አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ለዓለም እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉት ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተቆለፈውን ሥርዓት ሰብረው ገቡ።

ዓለም የተደነቀው በፍጥነቱ ነበር። ሊያስደንቅ የሚገባው ግን ልጆቹ ሰብረው ምን እንደ ወሰዱ ነው። የመሣሪያው ካሜራ ከላብራቶሪ እንዲዘጋ ተደርጎ ነበር፤ የፊት ገጹም ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ እንዳይለወጥ ታስሮ ነበር። ልጆቹ ካሜራውን አስነሡት፤ የፊት ገጹንም እያንዳንዱ እንደ ወደደ አደረገው። በሌላ አነጋገር፣ የተሰጣቸው የሚሰሙበትና የሚደግሙበት ነገር ነበር፤ እነርሱ ግን የሚያዩበትንና የሚያሳዩበትን ነገር ፈለጉ። አንድ ልጅ መሣሪያውን የራሱ አስመስሎ ማስተካከሉ «ይህ የእኔ ነው፤ እኔም ከጓደኛዬ የተለየሁ ነኝ» ማለቱ ነው። ይህም ባልተጻፈ ቃል የተገለጠ ሐሳብ ነው። ሙከራው የተመዘነው ግን በዚህ አልነበረም፤ ማንበብ በመቻላቸውና ባለመቻላቸው ነበር። የሚያነቡትም በእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። ካሜራውን ያስነሡት ልጆች ምን ዓይነት ሥዕል እንዳነሡ፣ በመጀመሪያ ማንን እንዳሳዩ ከሁሉ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ነበር፤ ሪፖርቱ ሲነገር ግን ይህ ቁም ነገር ሆኖ አልተነገረም። ንጉሡም የእረኛውን ቃል ሰምቶ የእረኛውን ስም አልጠየቀም።

ከዚህ አንጻር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ በቴሌቪዥን ብቅ ማለቱ በልጆች ኪነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ለውጥ ነው። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በሳሎናቸው የጀመሩት ይህ ሥራ ከጀርመንና ከጃፓን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፤ በኋላም በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሠርቷል። ለውጡ በሽልማቱ አይለካም። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ሥራዋም መጠየቅ ነው። በኢትዮጵያ የልጆች ዝግጅት ውስጥ ጠያቂነት እንደ ብልግና ሳይሆን እንደ መልካም ጠባይ ሲታይ ከዚያ በፊት እምብዛም አልታየም። ሁሉን የሚያውቅ አያት በነበረበት ወንበር ላይ የማታውቅና ባለማወቋ የማታፍር ትንሽ ፍጡር ተቀመጠች። እጅን መታጠብ፣ ቁጥር መቁጠር፣ ፍርሃትን መናገር፣ ሁሉም ከጥያቄዋ ተነሥቶ ይመጣል። ከዚያው ቤት የወጣው «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የአኒሜሽን ሥራ ደግሞ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለውን፣ የአማራ ክልል ገጠር በሚገባ የሚያውቀውን ጉዳይ፣ ለልጃገረዶች ራሳቸው እንዲጋፈጡት ሰጥቷል።

ይሁን እንጂ በእነዚህም ሥራዎች ውስጥ የልጁን ጥያቄ የሚጽፈው አዋቂ ነው፤ የፀሐይም ድምፅ የራሷ የብሩክታዊት ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ተረት የሚተርተውም ሁልጊዜ አዋቂ ነበር። ነውር የሚሆነው የልጆች ተሳትፎ ማለት ይኸው ነው ተብሎ ሲታመን ነው። አዋቂ በልጅ ድምፅ የሚናገርበት ሥራ፣ በጣም ጥሩ ሲሆን፣ ልጁ መጠየቅ እንዲችል ድፍረት ይሰጠዋል። ድፍረት ያገኘው ልጅ ግን ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበት ስፍራ ያስፈልገዋል። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ያንን ስፍራ እስከ አሁን አልሠሩም።

ስፍራውን የሠራው ስልኩ ነው። እዚህ ላይ የብዙ መምህራንና ወላጆች ሐዘን ይሰማል፦ ልጁ ከስልኩ አልነሣ አለ፣ ቲክቶክ በላው፣ ጥናት ተወ ይባላል። ሐዘኑ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ነገር ግን በዚህ መስታወት ላይ ስላለው የልጆች ሥራ ሲፈረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲምታቱ ይታያል። አንደኛው ልጅ ራሱ የሚሠራው ነው፦ ተማሪው መምህሩን እየኮረጀ የሚያስቅበት፣ ልጅቱ ያጠናችውን ግጥም የምትልበት፣ የገጠሩ ልጅ በጎቹን እያሳየ ዋሽንት የሚነፋበት አጭር ቅንብር። ይህ የሜዳው እንካ ሰላንትያ አዲስ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው፤ ጥሬም ብስልም ይገኝበታል። ሁለተኛው ደግሞ አዋቂዎች በልጅ የሚነግዱበት ነው። በዩቲዩብ ላይ ሕፃን ልጅ ከአንደበቱ የማይመጥን ትልቅ ቃል እንዲናገር አስጠንተው ያሥቁበታል፤ ወላጁን ያጣ ልጅ ፊቱ ላይ ማይክሮፎን ደቅነው እንባው እስኪወርድ ይጠይቁታል፤ ችግሩን ለዓለም ገልጠው ርዳታ ያሰባስቡበታል። ልጁ በመቶ ሺህ ሰው ይታያል፤ አንድ ሰው እንኳ ግን አልሰማውም። ሲያድግ ያንን እንባ ማጥፋት ቢፈልግ ቁልፉ በእጁ የለም። መታየት መደመጥ አይደለም፤ ይህን ልዩነት ያልያዘ ሐያሲ ሁለቱን በአንድ ስድብ ያጠቃልላቸዋል፤ ሁለቱን በአንድ ስም የሚያሞግስም እንደዚያው ይሳሳታል።

የፊደል ነገርም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ በማንኛውም ስልክ ላይም ይገኛል። ሆኖም እጅግ ብዙ ልጆች እርስ በርሳቸው አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጻጻፉ ይታያሉ። በዚህ መንገድ የሚጽፉት አማርኛ የቋንቋ መምህራንን ያስቆጣል። ከቁጣው በፊት ግን ለልጁ የስልክ ገበታ ላይ በፊደሉ መጻፍን ያስተማረው ክፍለ ጊዜ የትኛው ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሀ ሁን በሰሌዳ ቆጥሮ፣ በደብተር ጽፎ፣ በስልክ ግን ማንም ሳያሳየው የቀረ ልጅ፣ ሐሳቡን ባገኘው ዕቃ ይቋጥራል።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ከልማዱ ቀድሞ ሄዷል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በኅዳር 1982 ዓ.ም. ጸድቆ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ልጅ እርሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ለሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ያዝዛል። ብስለት የሚለው ቃል እዚህ መግባቱ የሚገርም ነው፤ በጄኔቫ ሕግ ዐዋቂዎች ዐሥር ዓመት ተከራክረው የደረሱበትን የመንዝ አሮጊት በሁለት ፍሬ መስላ ከጨረሰችው ቆይታለች። በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ ሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በሰባተኛው አንቀጹ ሐሳብን መግለጽን ብቻ ሳይሆን ማሰራጨትንም ጨምሮ ያረጋግጣል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የኮንቬንሽኑ ኮሚቴ በዲጂታል ዓለም ስላሉት የልጆች መብቶች ሃያ አምስተኛውን አጠቃላይ አስተያየት ሲያወጣ አስቀድሞ ከልዩ ልዩ አገሮች ከ700 በላይ ልጆችን ጠይቋል።

በአንጻሩ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለልጆች በለየው በ36ኛው አንቀጽ ስምና ዜግነት፣ የወላጅ እንክብካቤ፣ ከጉልበት ብዝበዛና ከአካል ቅጣት መጠበቅ ተዘርዝረዋል፤ የልጅ ደኅንነት በቀዳሚነት እንዲታሰብም ታዝዟል፤ መደመጥ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ማንኛውም ሰው ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው የሚለው 29ኛው አንቀጽ ልጅንም የሚያካትት መሆኑ፣ የተቀበልናቸው ስምምነቶችም የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸው እውነት ነው። የዝርዝሩ መንፈስ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ልጁ የሚጠበቅ ነው፤ የሚናገር አይደለም። አበባው እዚህም አለ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ ተባለ፤ ለደጋው ልጅ የደረሰው ግን፣ ከደረሰ፣ ሬዲዮው ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ጥያቄ አይቀበልም። ከዚያም በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተዘጉ፤ የስልክ ኢንተርኔቱም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ እንደ ነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ አስታውቋል። ስለዚህ በሌላ አገር የዲጂታል ዘመን ልጅ ስክሪን በዛበት ተብሎ ሲታዘንለት፣ የዚህ ደጋ ልጅ መስታወቱም ሰሌዳውም በአንድ ጊዜ ጨለመበት። በዚያ ጊዜ ልጆች ምን አሉ? ምን ዘፈኑ? በደብተራቸው ጠርዝ ምን ሣሉ? የደራስያን፣ የሠዓልያንና የቴአትር ሰዎች ትኩረት እስከ አሁን ያረፈው በአዋቂዎቹ ምስክርነት ላይ ነው። የልጆቹን ሥዕልና ግጥም ሰብስቦ ያሳየ ዐውደ ርእይ፣ ያሳተመ መድበል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወይም መሐል ሜዳ ላይ ቢታይ፣ ከብዙ የመታሰቢያ ቴአትር ይልቅ በታሪክ ፊት የሚመሰክር በሆነ ነበር።

ይህን ለማድረግ የሚያስችል ዕቃ ከየትም አይመጣም፤ በየትምህርት ቤቱ ጓሮ ተሰቅሎ ይገኛል። ሚኒ ሚዲያ የሚባለው ክበብ፣ በአንድ ማጉያና በአንድ የዝናብ ዘመን ባሳለፈ የቀንድ ድምፅ ማጉሊያ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በዕረፍት ሰዓት ዜና፣ ግጥምና ጭውውት ያሰማል። ዛሬ ታዋቂ ከሆኑት ጋዜጠኞችና ተዋንያን ብዙዎቹ መጀመሪያ ድምፃቸውን የሰሙት በዚያ ነው። እንደ ኪነ ጥበብ ተቋም ግን ማንም ቁም ነገር ብሎ መርምሮት አያውቅም። ቢመረመር አንድ ተደጋጋሚ ጠባይ ይታይበታል። የሚነበበውን ጽሑፍ አስቀድሞ መምህር ያየዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ ያርመዋል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ይጽፈዋል። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሰዓት አክባሪነት፣ ስለ በዓላት የተጻፈ ይነበባል፤ ስለ ሽንት ቤቱ በር፣ ከትምህርት ስለ ቀረችው ልጅ፣ ስለ ተሰበረው ወንበር የተጻፈ ግን «ቆይቶ ይታያል» ተብሎ በመሳቢያ ይቀመጣል። ልጁ ማይክሮፎኑን ይዟል፤ ድምፁ ግን የርእሰ መምህሩ ነው።

ሆኖም ከዚህ ሁሉ መሣሪያ መካከል ወደ ሜዳው የሚቀርበው ይኸው አሮጌው ማጉሊያ ነው። ፕላዝማው ከሩቅ ተልኮ መጣ፤ ታብሌቱ ተቆልፎ መጣ፤ ስልኩ የሌላ ሰው ገበያ ነው። ሚኒ ሚዲያው ግን አድማጩ በግቢው ውስጥ ነው፤ ያልተስማማው ልጅ በማግስቱ ራሱ መጥቶ ይመልሳል፤ ይህም እንካ ሰላንትያ ያለ ምላሽ እንደማይሆነው ነው። ጽሑፉን የሚመርጡት ራሳቸው የክበቡ ልጆች ቢሆኑ፣ መምህሩ ስድብንና ሐሜትን ብቻ እንዲከለክል ቢወሰን፣ በወር አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ በማጉሊያው ፊት ቆሞ ልጆች ለጠየቁት እንዲመልስ ቢደረግ፣ የተነበበውም በስልክ ተቀርጾ ልጆቹ በፈቀዱት መጠን ለሌላው ወረዳ ቢላክ፣ ወጪው ከአንድ ካርድ አይበልጥም። ግጥሞቹ አብዛኞቹ ጥሬ እንደሚሆኑ ከወዲሁ የታወቀ ነው፤ ቤት የማይመታው ይበዛል፤ ስለ እናት የተጻፈው በየሳምንቱ ይደጋገማል። ብስሉ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሲመጣ የሚሰማ ሰው በግቢው መገኘት አለበት።